መድፈኛው ባህሩን አያይም ነበር

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ሳቄ መጣ። በአንቺ አይደለም፣ በራሴ ነው። «አሮጌ የባህር ዳርቻ ምሽጎችን ፎቶ ማንሳት ጀምሬያለሁ። ግን ውጤቱ ወይ ጥቁር ክፍልና ነጭ ቀዳዳ ነው፣ ወይ ዝም ብሎ ግራጫ ግድግዳ። ምን ላድርግ? ሰፊ ሌንስ ልግዛ ወይ?» ነው ያልሽው። እኔም ከመጀመሪያ ጉዞዬ ይዤ የተመለስኩት ይሄንኑ ፎቶ ነው። ሦስት መቶ ቅጂ።

የሌንሱን ነገር መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ። በቅድሚያ ሌላ ነገር ላውራሽ።

የመጀመሪያ ምሽጌ ፎርት ኬሲ ነበር። አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ግዛት፣ ዊድቢ ደሴት ላይ ነው ያለው። የሄድኩት በበጋቸው እምብርት፣ ልክ በስድስት ሰዓት ነው። ኮንክሪቱ ዓይን ያጥበረብራል። ክፍሎቹ ደግሞ ድቅድቅ ጨለማ። ያገኘሁትን በር ሁሉ አነሳሁ። ቤት ገብቼ ስከፍተው ተጀምሮ የቀረ ፎቅ ይመስላል።

በሁለተኛው ጉዞዬ አንድ አዛውንት አስጎብኚ ካሜራዬን አዩና ጠጋ አሉ። መድፉን የሚያጎርሱት ወታደሮች የት ይቆሙ እንደነበር ጠየቁኝ። አላወቅኩም። ወስደው ቦታው ላይ አቆሙኝ። ከፊቴ ያለው ግንብ ከቁመቴ ይበልጣል። ባህሩ እዚያው ነው፤ ሽታው ይመጣል፣ ድምፁ ይሰማል። ግን አይታይም። ሽማግሌው ፈገግ አሉና «እነሱም አያዩትም ነበር» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚያ ያሉት ባለ 10 ኢንች መድፎች «ተሰዋሪ» ልንላቸው የምንችል ዓይነት ናቸው። መድፉ ትልቅ የብረት ክንድ ላይ ይቀመጣል። ክንዱ ከግንቡ በላይ ብቅ ያደርገዋል። ሲተኩስ የራሱ ምት ወደ ኋላ ገፍቶ ከግንቡ ጀርባ ያወርደዋል። ወታደሮቹ ተከልለው እንደገና ያጎርሱታል። ከዚያ ከሥር ያለው ከባድ ሚዛን ሲለቀቅ መድፉን መልሶ ያነሳዋል። ከባህር ለሚመጣ መርከብ የሚታየው ሣር የለበሰ ዝቅተኛ ጉብታ ብቻ ነው። (ዛሬ ቆመው የምታያቸው ሁለቱ መድፎች የቦታው የራሱ አይደሉም። ከፊሊፒንስ፣ ከፎርት ዊንት በ1968 የመጡ ናቸው። ዓመቶቹንና ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠራው።)

ታዲያ ማን ያያል? ሌሎች ናቸው። በመካከላቸው ያለው ርቀት በልክ በሚታወቅ ሁለት ቦታዎች ላይ ተመልካቾች ተቀምጠው መርከቡን በመነጽር ይከተላሉ። ያነበቡትን አንግል በስልክ ወደ አንድ ክፍል ይናገራሉ። እዚያ ሰሌዳ ላይ ሦስት ማዕዘን ይሠራና የመርከቡ ቦታ ይገኛል። ርቀቱና አቅጣጫው ወደ መድፉ ይተላለፋል። ዓይኑ ሌላ ቦታ፣ እጁ ሌላ ቦታ።

ከዚያ በኋላ ያ ግራጫ ግድግዳ ለእኔ ዝም ያለ ግድግዳ አልሆነም። ባህር የሚደብቅ ግድግዳ ሆነ። ፍሬሙን ከሞላ ጎደል በኮንክሪት ሞላሁት። ከላይ አንዲት ቀጭን የሰማይ መስመር ተውኩ። ጓደኛዬን ጀርባውን ሰጥቶ ከሥር እንዲቆም አደረግኩ። ባህሩ ፎቶው ውስጥ የለም፤ ግን ያየው ሰው ሁሉ «ከግድግዳው ወዲያ ምንድን ነው?» ይለኛል።

ስለዚህ ምሽግ ስትገቢ መንገዱን ተከተይ። ከመመልከቻው ጀምሪ። ቀጥሎ የስሌት ክፍሉ። ከዚያ የጥይትና የባሩድ ማከማቻው፣ ጥይቱ የሚወጣበት ማንሻ፣ በመጨረሻ መድፉ የነበረበት ክብ ቦታ። እያንዳንዷን ቀዳዳ «አንቺ ሥራሽ ምን ነበር?» በያት። ግድግዳው ላይ የተተከለ ወፍራም የብረት ቀለበት አለ? ገመድ ታስሮበት ከባድ ነገር የሚጎተትበት ነው። ወለሉ ላይ ብሎኖች በክብ ቆመዋል? መድፉ የታሰረባቸው ናቸው።

አንድ ምሳሌ ልጨምር፣ በጣም ስለምወዳት። እንግሊዞች ፈረንሳይን ፈርተው፣ 1859 ላይ የተቋቋመ ኮሚሽን ባቀረበው ምክር የሠሯቸው ምሽጎች አሉ። በጠቅላይ ሚኒስትሩ ስም የፓልመርስተን ምሽጎች ይባላሉ። የተፈራው ጦር ስላልመጣ «የፓልመርስተን ቂልነት» ብለው የሚቀልዱባቸውም አሉ። እነዚህ ውስጥ የባሩድ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ትንሽ መስኮት ታያለሽ። ወደ ውጭ አትከፈትም። ከጀርባዋ ጠባብ መተላለፊያ አለ። መብራቱ እዚያ ይቀመጥና በመስታወት በኩል ወደ ክፍሉ ያበራል። እሳትና ባሩድ አንድ ክፍል ውስጥ እንዳይገናኙ ነው። ወታደሮቹም ብልጭታ እንዳይነሳ ልብስና ጫማ ቀይረው ነበር የሚገቡት። እኔ በመተላለፊያው ዞሬ መስኮቷን ከጀርባ በእጅ ባትሪ አበራኋት። ፎቶው ውስጥ ያለው ብርሃን በሙሉ የሚመጣው ድሮ ይመጣበት ከነበረው ቦታ ነው።

ባትሪ ካልኩ አይቀር፣ እንዳትደናገሪ። በምሽግ ቋንቋ ባትሪ ማለት አብረው የሚተኩሱ መድፎችና ያሉበት ግንባታ ነው። ካርታ ላይ «ባትሪ እገሌ» የሚል ስታዪ የእጅ መብራት የሚከራይበት ቦታ እንዳይመስልሽ። አሜሪካ፣ ኦሪገን ግዛት፣ ፎርት ስቲቨንስ ውስጥ ባትሪ ራስል አለ። በሰኔ 21 ቀን 1942 ሌሊት አንድ የጃፓን ሰርጓጅ መርከብ፣ አይ-25፣ ምሽጉን በ17 ጥይት ደበደበው። አዛዡ መልስ አትስጡ አለ። ከተኮሱ መድፎቹ ያሉበት ቦታ ይታወቃል። ጥይቱም ይህ ነው የሚባል ጉዳት አላደረሰም። እዚያ ስሄድ ኮንክሪቱን በመብራት ላስጊጥ አስቤ ነበር። ታሪኩን ካነበብኩ በኋላ ተውኩት። ሊመሽ ሲል፣ ምንም ሳላበራ፣ ጥላውን ብቻ አነሳሁ። ያን ሌሊት ጨለማው ነበር የጠበቃቸው።

አሁን ወደ ጥቁርና ነጩ ችግርሽ እንምጣ። ካሜራሽ አልተበላሸም። በመስኮቱ ውጭ ባለው ብርሃንና በክፍሉ ጨለማ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ፎቶ ከሚይዘው በላይ ነው። ስለዚህ ወይ ልዩነቱን ትቀንሻለሽ፣ ወይ ትከፋፍይዋለሽ፣ ወይ ትቀበይዋለሽ።

መቀነስ የሚቻለው በሰዓት ነው፤ እኔም የማስቀድመው እሱን ነው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የውጭው ብርሃን እየደከመ ይመጣና ለጥቂት ደቂቃ ከውስጡ ጋር ይቀራረባል። ሰማዩ ሰማያዊ ሆኖ በቀዳዳው ይታያል፣ ግድግዳውም አይጠፋም። ታዲያ ቦታው በስንት ሰዓት እንደሚዘጋ ቀድመሽ አጣሪ። ጭጋግና ደመናም ወዳጆችሽ ናቸው። ሰው ሁሉ «ዛሬ አየሩ አይሆንም» ብሎ ሲመለስ አንቺ ግቢ።

መከፋፈል ማለት ከትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ላይ አንዱን ፎቶ ለመስኮቱ፣ አንዱን ለመሃሉ፣ አንዱን ለጨለማው አንስቶ ቤት ማዋሃድ ነው። ይሠራል። ግን እጅሽን ሰብሰብ አድርጊ። ጥላ የሌለው ምሽግ የሠርግ ኬክ ነው የሚመስለው። ሦስተኛው መንገድ ጨለማውን መተው ነው፤ ለመስኮቱ ለክተሽ ክፍሉን ጥቁር አድርጊው፣ መስኮቱ ላይ የሰው ቅርጽ ካገኘሽ ሌላ ምንም አትፈልጊም።

በጨለማ ክፍል ውስጥ የእኔ ልማድ ይሄ ነው፦ ሮው (ጥሬ) ፋይል፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት ኤፍ 8፣ ሹተሩ (ብርሃኑ የሚገባበት ጊዜ) 10ም ይሁን 20 ሰከንድ የሚፈልገውን ያህል። ቁልፉን ስትጫኚ ካሜራው እንዳይነቃነቅ የሁለት ሰከንድ ቆጣሪውን አብሪ። ካሜራው በጨለማ ፎከስ ካጣ ግድግዳውን በባትሪ አብርተሽ ፎከስ አስይዢውና ወደ ማንዋል (በእጅ ወደሚስተካከለው) ቀይሪው። ባትሪውን ግን በቀጥታ ወደምታነሺው ነገር አታብሪ፤ ነጭ ክብ ነው የሚወጣልሽ። ጣሪያ ላይ ወይም ከጀርባሽ ያለው ግድግዳ ላይ አብሪው፣ ብርሃኑ ነጥሮ ለስለስ ብሎ ይመጣል።

አንዲት ብልሃት ደግሞ በነፃ። ባትሪውን ግድግዳው ላይ ሊነካ ምንም እስከማይቀረው አስጠጊና ብርሃኑን በጎን አስኪጂው። ከፊት ሲያዩት ባዶ የነበረ ግድግዳ ይናገራል። ወታደር የቧጠረው ስም፣ የደበዘዘ ቁጥር፣ ኮንክሪቱ ሲፈስስ ቅርጽ የያዘበት የጣውላ ጅማት ሳይቀር ይወጣል። እኔ በዚህ መንገድ አንድ ክፍል ውስጥ ሙሉ ከሰዓት አሳልፌያለሁ።

የጡብ ምሽጎች ላይም ያው የጎን ብርሃን ነው የሚሠራው፣ እዚያ ግን ባትሪዋ ፀሐይ ናት። አሜሪካ፣ ጆርጂያ ግዛት ያለውን ፎርት ፑላስኪን ውሰጂ። ወደ 25 ሚሊዮን የሚጠጋ ጡብ፣ 18 ዓመት ግንባታ። በሚያዝያ 1862፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፣ የሰሜኑ ጦር ከታይቢ ደሴት፣ ከአንድ ማይል በላይ ርቀት፣ አፈሙዛቸው ውስጡ ጠመዝማዛ ቦይ ባላቸው አዲስ መድፎች ደበደበው። 30 ሰዓት ገደማ ቆይቶ እጁን ሰጠ። በጡብ ግንብ መተማመን በዚያው አበቃ። በደቡብ ምሥራቅ በኩል ያለውን ማዕዘን ስታዪ ቀላ ያሉ ጡቦች አሉ፤ የተጠገነው እሱ ነው። ግድግዳው ውስጥ ተቀርቅረው የቀሩ ጥይቶችም አሉ። ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመታው ጠፍጣፋ ነው። በጎን ስትመጣ ግን እያንዳንዱ ቁስል ጥላ ይይዛል። ቁጭ ብለሽ ጠብቂያት።

ስለ ጨውና እርጥበት በአጭሩ። ነፋስ ባለበት ሌንስ አትቀይሪ። ሌንሱ ላይ የባህር ርጭት ካረፈ በደረቅ ጨርቅ አትፈትጊው፣ መጀመሪያ በንጹህ ውሃ ረጠብ ባለ ጨርቅ አንሺው። ከቀዝቃዛ ምድር ቤት ወደ ሞቃት አየር ስትወጪ ካሜራውን ቦርሳ ውስጥ አቆይው፣ አለዚያ ላብ ያልበዋል።

ስለ ደህንነት ደግሞ የራሴን ጉድ ልናገር። አንድ ጊዜ የመድፍ መደብ ጫፍ ላይ ቆሜ ሰፋ አድርጌ ለማንሳት ዓይኔን ከካሜራው ሳላነሳ ወደ ኋላ ተራመድኩ። አንድ እርምጃ፣ ሁለት። ሦስተኛው ላይ ተረከዜ አየር ረገጠ። ጓደኛዬ በቦርሳዬ ማንገቻ ያዘኝ። ዞሬ ሳይ ከሰው ቁመት በላይ የሚጠልቅ ባዶ ጉድጓድ ነው፣ ሥሩ ኮንክሪት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይኔ ካሜራው ላይ ሲሆን እግሬ አይንቀሳቀስም። አንቺም ብቻሽን አትሂጂ። ምድር ቤት ስልክ ላይሠራ ስለሚችል የት እንደሆንሽና መቼ እንደምትመለሺ ለሰው ንገሪ። ሁለት የእጅ ባትሪ ያዢ። የዛገ መሰላል አትመኚ። የተዘጋ በር ተዘግቷል ማለት ነው። ጥይት የሚመስል ብረት ካየሽ አትንኪ፣ ለጠባቂዎቹ ተናገሪ። ባህር ዳር ወርደሽ ከታች ልታነሺ ከሆነ ውሃው የሚሞላበትን ሰዓት ሳታዪ አትውረጂ። በብርዱ ወራት ጣሪያው ላይ ተንጠልጥለው የሚተኙ የሌሊት ወፎች ካገኘሽ መብራትሽን አጥፍተሽ ውጪ።

ድሮን አስበሽ ከሆነ ደግሞ፣ በአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች ከ2014 ጀምሮ ክልክል ነው። ፎርት ፑላስኪም በእነሱ ሥር ነው። ሌላ ቦታ ስትሄጂ አስቀድመሽ ጠይቂ።

አንድ ነገር ግን ከበድ አድርጌ ልበል። ምሽግ ሁሉ የመድፍ ታሪክ ብቻ አይደለም። ጋና ያለው ኤልሚና በ1482 በፖርቱጋሎች የተሠራ ነው። በኋላ ሰው በባርነት የተጫነበት ቦታ ሆነ። መድፎቹን ወደ ባህር ዞረው ስታዪ የምሽጉ ባለቤቶች የሚፈሩት ሌላውን አውሮፓዊ ተቀናቃኝ እንደነበር ይገባሻል። እዚያ ክፍሎቹ ውስጥ ትራይፖድ ዘርግቶ የሰው መንገድ መዝጋት፣ ወይም ፈገግ ብሎ ሰልፊ መነሳት ነውር ነው። መጀመሪያ አስጎብኚውን ስሚ። ካሜራው ይቆይ።

በመጨረሻ ሌንሱ። ቸኩለሽ ሰፊ አትግዢ። ሰፊ ሌንስ የሚያስፈልግሽ እንደ ሳን ፍራንሲስኮው ፎርት ፖይንት ያለ ቦታ ላይ ነው። የጎልደን ጌት ድልድይ ሲሠራ ዋናው መሃንዲስ ጆሴፍ ስትራውስ ምሽጉ እንዳይፈርስ በላዩ ላይ የብረት ቅስት ስላሳለፈ፣ ሁለቱን ከቅርብ በአንድ ፍሬም ለመያዝ ሰፊ ሌንስ ይረዳል። ለቀረው ከካሜራው ጋር የመጣው ሌንስ ይበቃሻል። ገንዘብ ካለሽ ሩቁን የሚያቀርብ ረጅም ሌንስ ተከራዪ። ፎርት ኬሲ አጠገብ የጀልባ ማረፊያ አለ፤ ወደ ፖርት ታውንሰንድ የሚሄደው ጀልባ ከዚያ ይነሳል። ከመድፉ በስተኋላ ራቅ ብለሽ፣ ባህሩ የሚታይበት ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቁሚ። ሌንሱን እስከ መጨረሻው ሳቢው። ጀልባው ቀስ እያለ ወደ አፈሙዙ ጫፍ ሲደርስ ተጫኚው።