መስመር ተጣሞ ሲታይ፦ ስለ ማኩላ መዳከም ለተጠየቀው

እህቴ፣ ጥያቄሽን በአጭሩ ልድገመውና ልመልስ። የ68 ዓመት እናትሽ ጅማ ታይተው በግራ ዓይናቸው «እርጥቡ»፣ በቀኙ «ደረቁ» የማኩላ መዳከም አለ ተብለዋል። በግራ ሲያዩ የበሩ መቃን ይጣመምባቸዋል። ዓይን ውስጥ የሚሰጠውን መርፌ ግን ፈርተዋል። መነጽር ወይም ቪታሚን አይበቃም ወይ፣ ደግሞስ ጭራሽ ይታወሩ ይሆን ወይ ነው ያልሽው።

የመጨረሻውን ላስቀድም። ይህ በሽታ ብቻውን ሰውን ሙሉ ጨለማ ውስጥ አይከትም። የሚጎዳው ማኩላን ነው፤ በዓይን ጀርባ ካለው ሬቲና መሃል ላይ የምትገኝ፣ ወርዷ 5 ሚሊሜትር ገደማ የሆነች ቦታ ናት። ፊት የምንለየው፣ የምናነበው፣ ክር በመርፌ ቀዳዳ የምናስገባው በእሷ ነው። ዙሪያውን የምናይበት ክፍል ስለሚተርፍ ታማሚው ቤቱ ውስጥ እንደልቡ ይንቀሳቀሳል፣ ባጃጁ ሲመጣም ያየዋል፤ የሹፌሩን ፊት ግን አይለየውም። ሰፈር ውስጥ «እትዬ እገሌ ኮሩብን፣ ሰላምታ ተዉ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ከዚህ የመጣ ነው። ጎረቤቶቻችሁ ሰላም ሲሏቸው ስማቸውን እንዲናገሩ ንገሪያቸው።

ደረቁ ቀስ ብሎ የሚሄድ ነው። ከሬቲናው ሥር ድሩሰን የሚባል ቢጫ ዝቃጭ ይጠራቀምና ማኩላዋ በዓመታት ውስጥ እየሳሳች ትሄዳለች። አብዛኛው ታማሚ ያለበት ይኸኛው ነው። እርጥቡ ከ10 እስከ 15 በመቶ በሚሆኑት ላይ ብቻ ቢታይም ፈጥኖ የሚጎዳው እሱ ነው። ከሬቲናው ሥር ደካማ አዲስ የደም ሥር ይበቅላል፣ ፈሳሽና ደም ያዣል፤ ውሃ የገባበት የግድግዳ ቀለም እንደሚያብጥ ሬቲናው ከፍ ዝቅ ይላል፣ ቀጥ ያለው መስመርም የሚጣመመው ለዚህ ነው። ደሙና ፈሳሹ ሳይታከም ከቆየ ጠባሳ ይሆናል፤ ጠባሳውን መርፌም አይመልሰውም። ስለዚህ የግራው ዓይን ጉዳይ የቀናት ጉዳይ ነው። «ቡናው ይለቀምና እንሄዳለን» የሚባል ነገር እዚህ ላይ አይሠራም።

መነጽር የብርሃኑን አቅጣጫ ያስተካክላል እንጂ የተጎዳ ማኩላን አያድስም። «ሞራ ነው፣ ይገፈፍላቸው» የሚሉሽም ይኖራሉ። ሞራ ሁሉንም ነገር እኩል ያደበዝዛል፤ ማኩላ ሲታመም ግን መሃሉ ይጠፋል ወይም ይጣመማል፣ ጠርዙ ይቀራል። ሁለቱም አብረው ሊኖሩ ይችላሉ፣ ሞራው ሲወጣም ብርሃንና ቀለም ይሻሻላል። መሃሉ ይመለሳል ብለሽ ግን ተስፋ አትስጫቸው። ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ የሚገዛ ዴክሳሜታዞን ያለበት ጠብታ ደግሞ ለዚህ አንዳች አይጠቅምም፤ ሲደጋገም የዓይን ግፊት ይጨምራል፣ ሞራም ያመጣል።

አንድ ነገር ሐኪሙን ጠይቂ። የዚህ በሽታ የከፋው ደረጃ በጥቁር ሕዝቦች ላይ ከነጮች ያነሰ ስለሆነ፣ ማኩላን የሚጎዳ ሌላ ምክንያት መኖር አለመኖሩ መታየት አለበት፦ ስኳር፣ ከፍተኛ ቅርብ ዕይታ (ሩቁን አጥርቶ አለማየት)፣ ለሪህና ለመሳሰሉት ለዓመታት የተወሰደ ክሎሮኪን ወይም ሃይድሮክሲክሎሮኪን። ኦሲቲ የሚባለው የሬቲና ምስል ካልተነሱ ይነሱ። አያምም፣ ደቂቃዎች ብቻ ይወስዳል፤ ፈሳሽ መኖሩንም የሚያሳየው እሱ ነው። የዓይን ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ስለሚደረግላቸው ለጥቂት ሰዓታት ዕይታቸው ይደበዝዛል፣ ብርሃንም ይበዛባቸዋል፤ ብቻቸውን አይሂዱ፣ ሰፊ ባርኔጣ ይያዙ።

ወደ መርፌው ልምጣ፣ የሚያስፈራው እሱ ስለሆነ። የሚወጋው የዓይኑ ጥቁር ላይ አይደለም፤ ከጥቁሩ ጠርዝ 3.5 ወይም 4 ሚሊሜትር ርቆ ነጩ ላይ ነው። መጀመሪያ የማደንዘዣ ጠብታ ይደረጋል፣ ቀጥሎ አዮዲን፣ ከዚያ የዓይን ቆብ በትንሽ ሽቦ ይያዛል። መርፌው ራሱ ከሴኮንዶች አይበልጥም፣ ብዙዎች የሚሰማቸው ጫና ነው። ከመርፌው ይልቅ ማታ ላይ አሸዋ የገባ ያህል የሚቆረቁራቸው አዮዲኑ ነው፤ በማግስቱ ይለቃል። ጥቁር ክብ ነገር ሲንሳፈፍ ቢያዩ በአንድ ሁለት ቀን የምትጠፋ የአየር አረፋ ናት። ነጩ ላይ ደም ቢቋጥርም እስከ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ይጠፋል።

በዚያ ቀን ኩል አይኳሉ። ዓይናቸው ዓይናር ካለው ወይም ከቀላ አስቀድመው ይናገሩ፤ ቀጠሮው ቢገፋ ይሻላል። በቅርብ ጊዜ ስትሮክ ወይም የልብ ድካም ከገጠማቸው ይህም አይደበቅ። ከመርፌው በኋላ ለሁለት ሦስት ቀን ዓይኑን አይሹት፣ የቧንቧ ውሃም አይግባበት። ውዱ የሚያደርጉ ከሆነ ፊታቸውን እንዴት እንደሚያደርጉ ኢማሙን ይጠይቁ፤ ጠበል የሚጠመቁም ለነዚያ ቀናት ዓይናቸውን ይጠብቁ። ቅጠል ጭማቂም ሆነ ወተት ፈጽሞ አይደረግ። ከመርፌው በኋላ ባሉት ቀናት ሕመሙ እየባሰ፣ ቅላቱ እየጨመረ፣ ዕይታው እየቀነሰ ከሄደ ዓይን ውስጥ ኢንፌክሽን ገብቶ ሊሆን ይችላል። ከሺህ መርፌ በአንዱ እንኳ አይደርስም፤ ከደረሰ ግን ቀጠሮ ሳይጠበቅ በዚያኑ ቀን ሆስፒታል መግባት ያስፈልጋል።

መድኃኒቱ አዲሱን የደም ሥር የሚያደርቅ አንቲ ቬጅኤፍ የሚባል ዓይነት ነው። ርካሹ ቤቫሲዙማብ፣ በንግድ ስሙ አቫስቲን ነው፤ የተሠራው ለካንሰር ቢሆንም በ2011 ይፋ የሆነ ትልቅ ንጽጽር ከውዱ ራኒቢዙማብ ጋር እኩል ዕይታ እንደሚጠብቅ አሳይቷል (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ለአንድ ዓይን የሚበቃው 1.25 ሚሊግራም፣ ማለትም 0.05 ሚሊሊትር ስለሆነ አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ሰው ይከፋፈላል። ችግር የሚፈጠረውም እዚያ ላይ ነው፤ ክፍፍሉ ንጹሕ ባልሆነ ቦታ ከተደረገ ከአንድ ብልቃጥ ብዙ ዓይን ሊበከል ይችላል። «የት ተከፋፈለ? መቼ ተከፈተ?» ብለሽ ጠይቂ፣ ነውር የለውም። ገዝታችሁ አምጡ ከተባላችሁ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ መቆየት አለበት፤ በረዶ ባለበት ሳጥን ይያዝ፣ ራሱ ግን በረዶ አይሁን።

ብዙውን ጊዜ በየወሩ ሦስት መርፌ ይሰጣል፣ ከዚያ ኦሲቲው እየታየ ክፍተቱ ይሰፋል። ሕክምናው የሚበላሸው በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው። ከሁለተኛው መርፌ በኋላ መስመሩ ይቃናል፣ «ተሻለኝ» ይባላል፣ ቀጠሮው ይቀራል። ደም ሥሩ ግን አልጠፋም፣ የመድኃኒቱ ኃይል ደግሞ በሳምንታት ውስጥ ያልቃል፤ ሲመለስም ብዙ ጊዜ በጠባሳ ነው። ስለዚህ ገንዘቡን ለአንድ መርፌ ሳይሆን ቢያንስ ለሦስትና ለኦሲቲው አስቡት። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የዓይን ክፍል መድኃኒቱና መሣሪያው በዚያ ሳምንት መኖራቸውን ቀድመሽ አረጋግጪ። ከሌለ ሪፈር አጽፈሽ አዲስ አበባ፣ ለምሳሌ ምኒልክ ሆስፒታል፣ ወዲያው ይሂዱ። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነውና ሪፈሩ ላይ «እርጥብ፣ አስቸኳይ» የሚል እንዲሰፍር ለምኚ።

አሁን ትኩረትሽ ቀኙ ዓይን ላይ ይሁን። አንዱ ዓይን እርጥብ ከሆነ ሁለተኛው የመከተል ዕድሉ ከፍ ያለ ነው፤ ሁለቱን ዓይን ከፍቶ የሚያይ ሰው ደግሞ ጅማሬውን አያውቅም፣ ደህናው ይሸፍንለታልና። በነጭ ወረቀት ላይ 10 በ10 ሴንቲሜትር ሳጥን አስምሪ፣ በየግማሽ ሴንቲሜትሩ አግድምና ቁልቁል መስመር፣ መሃሉ ላይ ጥቁር ነጥብ። የንባብ መነጽራቸውን አድርገው፣ በጥሩ ብርሃን፣ ስንዝር ተኩል ያህል አርቀው ይያዙት። አንዱን ዓይን በመዳፍ ይሸፍኑ፣ ግን አይጫኑት፤ የተጫኑት ዓይን ሲገለጥ ለትንሽ ጊዜ ስለሚደበዝዝ ውጤቱን ያሳስታል። ነጥቡን እያዩ መስመሩ የተጣመመበትን ወይም የጎደለበትን ጣታቸውን ይጠቁሙ፣ አንቺ በእርሳስ ክበቢና ቀኑን ጻፊ። በየሳምንቱ ከዚያው ጋር አስተያዩት። ወረቀቱ ከሰለቻቸው የመስኮቱን ፍርግርግ በየዓይናቸው ማየትም ይረዳል። አዲስ መጣመም ከታየ በሳምንት ውስጥ ሐኪም ይያቸው።

ቪታሚኑን በተመለከተ፣ እናትሽ ከሚጠቅማቸው ወገን ናቸው፤ አንዱ ዓይን የከፋ ደረጃ ላይ ስለደረሰ። በ2013 ውጤቱ የወጣው ሁለተኛው የአሬድስ ጥናት (ቪታሚን ለዚህ በሽታ ይጠቅም እንደሆነ የፈተሸው ትልቅ ጥናት) ቀመር ቪታሚን ሲ 500 ሚሊግራም፣ ቪታሚን ኢ 400 ዩኒት፣ ሉቲን 10፣ ዚያዛንቲን 2፣ ዚንክ 80፣ መዳብ 2 ሚሊግራም ነው። ወደ ከፋው ደረጃ የመሄድ ዕድልን በ25 በመቶ ገደማ ይቀንሳል እንጂ የጠፋውን አይመልስም። በሱቅ የሚሸጥ ተራ መልቲቪታሚን ይህን ያህል መጠን የለውም፣ ጀርባውን አንብቢ። የሚያጨስ ወይም ያጨስ የነበረ ሰው ቤታካሮቲን (ሰውነት ወደ ቪታሚን ኤ የሚቀይረው) ያለበትን ቪታሚን አይውሰድ፣ የሳንባ ካንሰር ያበረታታል። ዚንኩ ሆድ ስለሚያውክ ከምግብ ጋር ይዋጥ፤ ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ ሐኪም ሳያውቅ አይጀመር። ከማእድ ደግሞ ጎመን በትንሽ ዘይት፣ የእንቁላል አስኳል፣ ቢጫ በቆሎ፣ ሲገኝ ዓሣ። ሲጋራ ይቁም፤ ጫት ላይ ብቻ የምትጨስ እንኳ ብትሆን። የደም ግፊታቸውም ይለካ።

ቤት ውስጥ ብርሃኑን ከፊታቸው ሳይሆን ከትከሻቸው በኩል፣ በደህናው ዓይን ወገን አድርጉት። ቡናው በነጭ ሲኒ፣ ወተቱ በጥቁር ኩባያ ይቀዳ፤ ጠርዙ እንዲታይ ነው። የደረጃውን ጫፍ በደማቅ ቀለም ቀቡት። የግድግዳ ሰዓት እያዩ ዓይናቸውን ወደላይ፣ ወደታች፣ ወደጎን ሲያዘነብሉ ቁጥሮቹ የት ላይ እንደሚጠሩላቸው ይፈልጉ፤ በዚያ አቅጣጫ ማየትን በቀን ሁለት ሦስቴ ለአምስት አምስት ደቂቃ ቢለማመዱ ፊትና ጽሑፍ መለየት ይቀላቸዋል።

ሌላው፣ የሌለ ሰው፣ ሕፃን ወይም አበባ ግድግዳ ላይ ካዩ አትደንግጡ። ዕይታ ሲቀንስ አእምሮ ክፍተቱን በራሱ ምስል ይሞላዋል፤ እብደትም ጂኒም አይደለም፣ ድምፅም የለውም። ብዙዎች አበዱ እንዳይባሉ ይደብቁታል፣ ስለዚህ አንቺ ቀድመሽ ጠይቂያቸው።

አንቺና ወንድሞችሽም 50 ሲሞላችሁ ሬቲናችሁን ታዩ፣ በዘር ይሄዳልና። የኦሲቲውን ወረቀት ፎቶ እዚህ ስትለጥፊ ስማቸውንና የካርድ ቁጥራቸውን ሸፍኚው።