ዩኤስቢው የማይሠራ ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስ መጫን

ጥያቄ፦ «የላፕቶፔ የዩኤስቢ ቀዳዳዎች አይሠሩም፤ ሲዲ ማስገቢያም የለውም። ዊንዶውሱ ግን ደህና ነው። ከጎኑ ሊኑክስ ሚንት መጫን እችላለሁ?»

ትችላለህ ወንድሜ። ዊንዶውስህ እስከተነሳ ድረስ ብዙ ጊዜ መጫኛው የሚገባበትን የፍላሽ ሥራ ከሃርድ ዲስክህ ላይ የምትቆርጣት ትንሽ ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍልፋይ) ትሠራልሃለች። አንድ ነገር ብቻ አስቀድመህ አጣራ፦ «ሲስተም ኢንፎርሜሽን» ውስጥ «ባዮስ ሞድ» የሚለው ዩኢኤፍአይ (አዲሱ የኮምፒውተር ማስነሻ ዘዴ) መሆን አለበት። ሌጋሲ (የድሮው ዘዴ) ካለ ይህ መንገድ አይሆንህም።

ፋይሎችህን ኢንተርኔት ላይ ባክአፕ አድርግ። ቢትሎከር (የዊንዶውስ ዲስክ መቆለፊያ) በርቶ ከሆነ የመክፈቻ ቁልፉን ወረቀት ላይ ጻፈው፤ ይህን ሳታደርግ ዲስኩን እንዳትነካ አደራ። «ፋስት ስታርትአፕ»ንም (ዊንዶውስ ቶሎ እንዲነሳ ሙሉ በሙሉ እንዳይዘጋ የሚያደርገውን) አጥፋ።

ከዚያ በዲስክ ማኔጅመንት ሲ ድራይቭን ሽሪንክ አድርገህ (አሳንሰህ) ሁለት ፓርቲሽን አውጣ። አንዱ 8 ጊጋባይት ሆኖ በፋት32 ፎርማት ይደረግ። ሌላው ለሊኑክሱ ነው፤ ቢያንስ 20፣ ከተቻለ 100 ጊጋባይት ስጠው፤ ፎርማት ግን አታድርገው።

ያወረድከውን የሚንት አይኤስኦ (የመጫኛ ፋይል) ደብል ክሊክ ስታደርገው እንደ ሲዲ ይከፈታል። ውስጡ ያለውን በሙሉ ወደ 8 ጊጋባይቱ ፓርቲሽን ኮፒ አድርግ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ አይኤስኦውን እንደታሸገ ያስቀምጠውና አልነሳም ይላል። በትክክል ከገለበጥክ «ኢኤፍአይ»፣ ቀጥሎ «ቡት» የሚለውን ፎልደር ስትከፍት በ«ቡትኤክስ64» የሚጀምር ፋይል ታያለህ። ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚፈልገው እሱን ነው።

ሪስታርት አድርገህ ቡት ሜኑ (ኮምፒውተሩ ከየት እንደሚነሳ የምትመርጥበት ዝርዝር) ግባ። አንዳንድ ላፕቶፕ አዲሷን ፓርቲሽን ራሱ ያሳይሃል። ካላሳየህ ባዮስ (የኮምፒውተሩ መነሻ ማስተካከያ) ውስጥ «አድ ቡት ኦፕሽን» የሚል ፈልግና ያንን ፋይል በእጅህ ምረጥለት።

መጫኛው ሲጀምር በዲስኩ ላይ ሥራ ላይ ያሉ ፓርቲሽኖችን ላላቅቅ ወይ ብሎ ከጠየቀህ «ኖ» በል። ራሱ የተነሳው ከዚሁ ዲስክ ስለሆነ ሊያላቅቀው አይችልም፤ «ኖ» ስትለው ደግሞ አዲስ ፓርቲሽን መቁረጥ ይከለክልሃል። የሊኑክሱን ቦታ ዊንዶውስ ላይ እያለህ አዘጋጅ ያልኩህ ለዚህ ነው። «ኢሬዝ ዲስክ» የሚለውን እንዳትነካ፤ ዊንዶውስህን ጠራርጎ ያጠፋዋል። «ሰምቲንግ ኤልስ» ብለህ ግባ፣ ያዘጋጀኸውን ፓርቲሽን በመጠኑ ለየው፣ ኤክስት4 (የሊኑክስ ፎርማት) አድርገህ ማውንት ፖይንቱን (ፓርቲሽኑ ሊኑክስ ውስጥ የሚያያዝበትን ቦታ) «/» በል።

ጭነቱ ሲያልቅ 8 ጊጋባይቷን ለማጥፋት አትቸኩል። ሚንትም ዊንዶውስም በየራሳቸው ሲነሱ አይተህ አጥፋት።