ዲግሪ ይዘሽ ወደ ጀርመን ከሆነ ሐሳብሽ፣ ከጎንደር ሳትወጪ የትምህርትሽን የሰዓት ሰንጠረዥ አሠሪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። በነርሲንግ ዲግሪ አለሽ፣ ጎንደር ውስጥ በመንግሥት ሆስፒታል ትሠሪያለሽ። አንድ ደላላ «400 ሺህ ብር ክፈዪና በአውስቢልዱንግ ጀርመን አስገባሻለሁ፣ ቋሚ መኖሪያውም በዚያ ይቀላል» ብሎሻል፤ አውስቢልዱንግ ማለት እየሠሩ የሚማሩት የጀርመን የሙያ ሥልጠና ነው። አንቺ ደግሞ ይሄ ይሻለኛል ወይስ በዲግሪዬ ልሂድ ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም ከጎንደር የወጣሁ ነርስ ነኝ፤ አሁን ላይፕሲሽ ውስጥ ቋሚ መኖሪያ ፈቃዴን ይዤ እሠራለሁ። ስለ ፓስፖርትና ስለ ኤምባሲ ቀጠሮ የሚነግርሽ ሰው አታጪም፤ እኔ የምነግርሽ ያኔ የሚነግረኝ ሰው ያጣሁበትን ነው።

1. ለደላላው አንድ ብር እንዳትሰጪ። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው፣ የጤና ባለሙያ እጥረት ያለባቸው 55 አገሮች ዝርዝር ውስጥ አለች። የጀርመን ደንብ ደግሞ እንዲህ ካሉ አገሮች ነርስ መመልመልንም ማገናኘትንም የፈቀደው ለፌዴራል የሥራ ኤጀንሲያቸው ብቻ ነው፤ ለግል አገናኝ ክልክል ነው። አንቺ ራስሽ ሆስፒታል ፈልገሽ ራስሽ ብታመለክቺ ግን የሚከለክልሽ የለም። እንግሊዝም ኢትዮጵያን በቀይ ዝርዝር፣ ማለትም አሠሪ ሄዶ የጤና ባለሙያ እንዳይመለምልባቸው በከለከለቻቸው አገሮች ውስጥ አስገብታለች፤ እዚያም በራስሽ ማመልከት ትችያለሽ። እና ሰውዬው የሚሸጥልሽ እንዲሸጥ ያልተፈቀደለትን ነገር ነው። ዝግ አካውንት ውስጥ (በየወሩ ተቆጥሮ ብቻ የሚወጣበት የባንክ ሒሳብ ነው) 11,904 ዩሮ ማስያዝ አለብሽ ማለቱም አንቺን አይመለከትም፤ ያ በዋናነት የተማሪ ቪዛ ጉዳይ ነው። የሚያኖርሽ ደመወዝ ያለው የሥራ ውል ይዘሽ ስትሄጂ ውሉ ራሱ ማስረጃሽ ነው። ቦን ከተማ ያለው የሙያ እውቅና አማካሪ ማዕከል ውጭ አገር ላሉ ሰዎች በነፃ ያማክራል፤ በኢሜይል ጻፊላቸው፣ ይመልሳሉ።

2. አውስቢልዱንግ 12ኛ ክፍልን ለጨረሰ ልጅ ጥሩ መንገድ ነው፣ ላንቺ ግን አይደለም። ሦስት ዓመት እንደ ጀማሪ ተማሪ ትቀመጪያለሽ፤ ከተመረቅሽ በኋላ ሁለት ዓመት ሠርተሽ ነው ቋሚ መኖሪያ የምትጠይቂው። በዲግሪሽ ሄደሽ ሙያሽ ከእነሱ ነርስ ጋር እኩል ነው የሚል እውቅና ካገኘሽ በባለሙያ ፈቃድ ሦስት ዓመት ሠርተሽ ትጠይቂያለሽ። 36 ወር የጡረታ መዋጮ፣ ቢ1 የሚባለው መካከለኛ ደረጃ ጀርመንኛ፣ ስለ አገሩ ሕግና ኑሮ መሠረታዊ እውቀት፣ በቂ ቤት፤ ይኸው ነው። አራት ዓመት ተምረሽ፣ በሌሊት ተረኛነት ተንከራተሽ ያገኘሽውን ሙያ ጥለሽ ከ«ሀ» አትጀምሪ።

3. ይህን ግን ልብ ብለሽ ስሚኝ። ሦስቱ ዓመት የሚቆጠረው ጀርመን ከገባሽበት ቀን አይደለም። እውቅናሽ እስኪያልቅ ድረስ የምትይዥው ፈቃድ አንቀጽ 16ዲ ይባላል፤ በእሱ ስር ረዳት ሆነሽ የሠራሽበት ጊዜ ለቋሚ መኖሪያው አይታሰብም። ቆጠራው የሚጀምረው እውቅናው ተሰጥቶሽ ወደ ባለሙያው ፈቃድ፣ ወደ 18ኤ፣ ስትዛወሪ ነው። እና እውቅናው የሚፈጥንበትም የሚዘገይበትም ነገር ጀርመን ውስጥ ሳይሆን የተማርሽበት ኮሌጅ ውስጥ ነው ያለው።

ጀርመኖቹ ውጤትሽን አያዩም። ኤ አመጣሽ ሲ አመጣሽ ደንታ የላቸውም፤ የሚቆጥሩት ሰዓት ነው። የእነሱ የነርስ ሥልጠና 2,100 ሰዓት ቲዎሪና 2,500 ሰዓት ተግባር ነው፣ ያንቺን ከዚያ ጋር ጎን ለጎን ያስቀምጡታል። የኛ ትራንስክሪፕት ላይ ግን የሰፈረው ክሬዲት ሀወር ብቻ ነው። አታችመንት (የሆስፒታል ልምምድ) ላይ ከወር ወር ታካሚ ስር የቆምሽው በአንዲት ቁጥር ተጠቅልሎ ይቀራል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ትምህርት ስንት ሰዓት ክፍል ውስጥ፣ ስንት ሰዓት ዋርድ ላይ እንደነበርሽ የሚዘረዝር ማህተም ያረፈበት ወረቀት ያስፈልግሻል፤ የሰዓት ሰንጠረዥ የምልሽ እሱን ነው።

እኔ ይህን ወረቀት ጠይቄ ያየሁትን መከራ እግዜር ነው የሚያውቀው። የተማርኩበትን ኮሌጅ ስም አልጠራም። ሬጅስትራር መስኮት ላይ ያለችው ሴት ከስልኳ ቀና ሳትል «ትራንስክሪፕት ሰጥተንሻል፣ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?» አለችኝ። ጉዳዩን ሳስረዳት «እንዲህ ያለ ፎርም የለንም» አለች። ቆይታ ደግሞ ከኋላዬ የተሰለፈው ሁሉ እየሰማ «ውጭ ልትሄጂ ነዋ! እኛን ምን አገባን?» ይሁንላት። ያን ቀን ያንን ቃል ከማራኪ እስከ ፒያሳ በእግሬ እያኘክሁት ነው የሄድኩት። ለሙያዬ ወረቀት ለመንኩ እንጂ ምጽዋት አልጠየቅኩም።

በመጨረሻ የደረሰችልኝ ያስተማረችኝ መምህርት ናት፤ እድሜ ይስጣት። ካሪኩለሙንና የእኔን ሎግ ቡክ (የተግባር ሥራ መመዝገቢያ ደብተር) ፊቷ ዘርግታ ሰንጠረዡን በራሷ እጅ ሠራችው፦ የትምህርቱ ስም፣ የቲዎሪ ሰዓት፣ የተግባር ሰዓት፣ የተሠራበት ዋርድ። ሎግ ቡኮቼን ከአንደኛ ዓመት ጀምሮ አንድም ሳልጥል ፌስታል ውስጥ አስቀምጫቸው ስለነበር የሱፐርቫይዘሮቹ ፊርማ ሁሉ ነበረ። የቀረው ማህተም ብቻ ነው። ማህተሙን የያዘው ሰውዬ ደግሞ መሳቢያውን ቆልፎ፣ ቁልፉን ኪሱ አድርጎ ፈቃድ ወጥቷል! ሲመለስም «ኃላፊው ይፈርምበት»፣ ኃላፊው ደግሞ ስብሰባ። የሥራ ውሌ ቀን ሊያልፍ ሆነ፣ ያለ ሰንጠረዡ አመለከትኩ።

የመጣው ውሳኔ ምን አለ መሰለሽ? የሕፃናት ተግባር አልተረጋገጠም፣ የሥነ አእምሮ ተግባር አልተረጋገጠም፣ የአረጋውያን እንክብካቤ የለም። ሕፃናት ዋርድ ስንት ሌሊት ያደርኩ እኔ! ወረቀቱ ማህተም አግኝቶ በመንገደኛ እጅ ጀርመን ሲደርሰኝ ለባለሥልጣኑ አስገባሁት፤ ሕፃናቱንም ሥነ አእምሮውንም ከጎደሎው ዝርዝር ሰረዙልኝ። የቀረብኝ የአረጋውያኑ ብቻ ሆነ፤ እሱ እውነትም በኛ ትምህርት ውስጥ ብዙም የለም፣ እናት አባትን የሚጦረው ቤተሰብ ስለሆነ። ግን እስከዚያ ድረስ በ16ዲ ረዳት ሆኜ የከረምኩበት ጊዜ ቀለጠ፣ ማንም አልመለሰልኝም። ያ መሳቢያ የበላው የቋሚ መኖሪያዬን ዕድሜ ነው፤ ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ ሰዓት ማነጻጸሩን ትተሽ በወረቀት ያልተረጋገጠው ወደሚሟላበት የእውቀት ፈተና በቀጥታ መግባት እንደምትችዪ ሕጉ ይፈቅዳል። አቋራጭ ነው ብለው ይመክሩሻል። በፈተና የምትተማመኚ ከሆነ ጥሩ፤ እኔ ግን ሰንጠረዡ በእጅሽ እያለ እንድትመርጪ ነው የምፈልገው፣ ስላጣሽው ተገደሽ እንዳይሆን። ፈተናው ኬንትኒስፕሩፉንግ ይባላል፣ የቃልና የተግባር ክፍል አለው፤ እያንዳንዱን መድገም የሚቻለው አንዴ ነው።

የኛ ልጆች የሚወድቁበትን ልንገርሽ፦ መድኃኒትና መርፌ ላይ ማንም አይስተካከለንም። ጎንደር ግን ታካሚውን የሚያጥበው፣ የሚያበላው፣ የሚያገላብጠው አስታማሚው ነው። እዚህ አስታማሚ የለም፣ ነርሷ ናት። ፈታኞቹ የሚያዩት በር መዝጋትሽን፣ ገላውን መሸፈንሽን፣ ውኃው ይሞቃል ይቀዘቅዛል ብለሽ መጠየቅሽን፣ ከመንካትሽ በፊት «አሁን ክንድዎን አነሳለሁ» ማለትሽን ነው። ይህን አውቄ ስለተለማመድኩ በመጀመሪያው አለፍኩ፤ ዋና ነርሷ ራሷ አበባ ይዛ መጣች። አንዲት በሽተኛዬ የነበሩ አሮጊት ከጎንደር ነኝ ስላቸው ከተማዋን ያውቋታል! በደርግ ጊዜ የላይፕሲሽ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ጎንደር ሐኪም ሲያሠለጥኑ ጎረቤታቸው አብሮ ሄዶ ነበር። የመጣሽበት ቤት ትንሽ እንዳይመስልሽ፤ ጎንደር እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ የጤና ባለሙያ ስታወጣ የኖረች ከተማ ናት።

ቋንቋውን ዛሬ ጀምሪ። ለሙያ ፈቃዱ የሚጠየቀው ከቢ1 አንድ ደረጃ ከፍ ያለው ቢ2 ነው። ፈተናውን አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ ጎተ ኢንስቲትዩት ትወስጃለሽ፤ ንባብ፣ ማዳመጥ፣ ጽሑፍና ንግግር ለየብቻ ስለሚያዙ የወደቅሽውን ብቻ ትደግሚያለሽ። ውል የሚሰጥሽን ሆስፒታል ደግሞ የተፋጠነውን የባለሙያ የቪዛ ሂደት ይጀምርልሽ ዘንድ ጠይቂው፤ ክፍያው 411 ዩሮ ነው፣ ብዙዎቹ ራሳቸው ይከፍሉታል።

ከወረቀት በኩል፣ ኮስት ሼሪንግሽን ጨርሰሽ ኦሪጅናል ዲግሪሽን አውጪ፤ በቴምፖ አትጀምሪ። የጉድ ስታንዲንግ ደብዳቤውን (በሙያሽ ጥፋት እንደሌለብሽ የሚመሰክረውን) ግን መጨረሻ ላይ አውጪው፣ ብዙ ጊዜ ከሦስት ወር ካለፈው አይቀበሉትም። ሬጅስትራር ከመሄድሽ በፊት መምህሮችሽን ያዢ፤ ሰንጠረዡን አዘጋጅተሽ ለፊርማ ብቻ ስታቀርቢ «ፎርም የለንም» የሚል አፍ ይዘጋል። ሁለት ኦሪጅናል አስመቺ፣ እያንዳንዱ ገጽ ላይ ማህተም ይረፍበት። የእኔን ስሙንና ማህተሙን ሸፍኜ ፎቶ አነሳዋለሁ፤ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ ዛሬ ማታ ከሥራ ስወጣ እልክልሻለሁ።