ርስቴን የነጠቀኝን ይቅር ብል ክሴን መተው አለብኝ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ባሕር ዳር ነው። አባቴ ዘጌ ላይ የተወልኝን የቡና ይዞታ የአጎቴ ልጅ ሦስት የሐሰት ምስክር አቁሞ በስሙ አዛወረው። ከምስክሮቹ ሁለቱ ከእኔ ጋር በአንድ ማኅበር ጽዋ የሚጠጡ ናቸው። ሽማግሌዎች «ለሰላም ስትዪ ተዪው» ይሉኛል። የንስሐ አባቴ «ለእግዚአብሔር ስጪው» ብለውኛል። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ «እኔ እያለሁ ፍርድ ቤት ምን ይሠራልሻል?» እያለ ይፎክራል። እኔም ብሶቱ ሲያንገበግበኝ ለኡራ ኪዳነ ምሕረት «የአጎቴን ልጅ ቤት ካፈረስሽልኝ መጋረጃ አስገባለሁ» ብዬ ተሳልኩ። ከዚያ ወዲህ አባታችን ሆይን ስደግም «የበደሉንን ይቅር እንደምንል» የሚለው ላይ አንደበቴ ይያዛል። መክሰስ ኃጢአት ነው? ስለቴስ? ቅዱስ ቁርባን መቀበል እችላለሁ?

መልስ፦ እኅቴ ሆይ፣ መክሰስሽ ኃጢአት አይደለም። ስለትሽ ግን ኃጢአት ነው። ሁለቱን በየተራ እንያቸው።

ጌታችን በሊቀ ካህናቱ ፊት በጥፊ በተመታ ጊዜ አጸፋ አልመለሰም፤ ዝም ብሎም አላለፈው። «ክፉ ተናግሬ እንደ ሆንሁ ስለ ክፉ መስክር፤ መልካም ተናግሬ እንደ ሆንሁ ግን ስለ ምን ትመታኛለህ?» ብሎ ጠየቀ (ዮሐ. 18፥23)። ሌላውን ጉንጭህን አዙር ብሎ ያስተማረን እርሱ ራሱ ነውና ትእዛዙን የምንረዳው ከሥራው ነው። ቅዱስ ጳውሎስም ፊልጵስዩስ ላይ ያለ ፍርድ ገርፈው ካሰሩት በኋላ በስውር ሊሸኙት ሲሉ ራሳቸው መጥተው ያውጡን አለ። ቂሣርያ ላይም ገዢው ለከሳሾቹ ሲያደላ ባየ ጊዜ «ወደ ቄሣር ይግባኝ ብዬአለሁ» አለ። ለሮሜ ሰዎች «ራሳችሁ አትበቀሉ» ብሎ የጻፈው ይኸው ሰው ነው።

የንስሐ አባትሽ የነገሩሽ መልካም ቃል ነው። ለእግዚአብሔር ስጪ የተባልሽው በቀሉን ነው፤ እውነቱን በችሎት ቆሞ መናገር ግን የአንቺው ድርሻ ሆኖ ይቀራል። እኔን የሚያበሳጨኝ ይህ ምክር በእኛ ዘንድ ዘወትር ለተነጠቀው ብቻ መነገሩ ነው። ቡናውን ለሚለቅመው ሰው «መልስ» የሚል ሽማግሌ ሳይገኝ ላጣችው ሴት «ተዪው» ይባላል፤ ከዚያ ታረቁ ተብሎ ይመረቃል። አባቶቻችን እኮ «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» ያሉት እንዲህ ያለውን እርቅ አይተው ነው። በርግጥ ቅዱስ ጳውሎስ የቆሮንቶስ ምእመናን እርስ በርስ ሲካሰሱ «ብትበደሉ አይሻልምን?» ብሏቸዋል። ነገር ግን ከዚያ በፊት በመካከላችሁ የሚፈርድ አንድ አስተዋይ ጠፋ ወይ ብሎ የገሠጸው ማኅበሩን ነው። ፈቅደሽ፣ ልብሽ ወድዶ ብትተዪው ዋጋ አለው። ሌላ ሰው ግን የአንቺን ርስት ስለ አንቺ ሊተውልሽ አይችልም።

ጥያቄሽን ሳነብ ናቡቴ ትዝ አለኝ (1ኛ ነገ. 21)። ንጉሡ አክዓብ የተሻለ የወይን ቦታ ወይም ገንዘብ ልስጥህ ቢለው የአባቶቼን ርስት አልሰጥም አለ። ሚስቱ ኤልዛቤል ያደረገችውን ልብ በዪ። በንጉሡ ስም ደብዳቤ ጽፋ በማኅተሙ አትማ ለከተማው ሽማግሌዎች ላከች፤ የደብዳቤው የመጀመሪያ ትእዛዝ ጾም አውጁ የሚል ነበር። ግፉ በጾም ተጀመረ! ሽማግሌዎቹ ደብዳቤውን ተቀበሉ፤ ጾሙን አወጁ፤ ሁለት ምናምንቴ ምስክሮች አስቀመጡ፤ ናቡቴ ተወገረ። ይህ ነገር ልክ ነው ወይ ብሎ የጠየቀ አንድ ሽማግሌ አልተጻፈልንም። ኤልያስ ግን አክዓብን እዚያው የወይን ቦታ ውስጥ ሊረከብ ሲወርድ አግኝቶት ገድለህ ወረስህን አለው።

ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምግብ የማይገባበት አፍ ችሎት ቀርቦ በሐሰት ከማለ ያ ጾም የኤልዛቤል ጾም ነው። ስለዚህ ሁለቱን የማኅበር ጓደኞችሽን ጌታ በማቴዎስ 18 ባዘዘው መንገድ ሂጂባቸው፤ በመጀመሪያ ለብቻቸው፣ ካልሰሙሽ ሁለት ሰው ይዘሽ፣ ከዚያም ለማኅበሩ ሰብሳቢ ለሙሴውና ለካህኑ ንገሪ። ጽዋው በዝምታ መዞር የለበትም። የይዞታውን እውነት እያወቁ «ጎረቤቴን አላስቀይምም» ብለው ቤታቸው የተቀመጡም ዘሌዋውያን 5፥1ን ያንብቡ፤ ያየውን የማይመሰክር ኃጢአቱን ይሸከማል ይላል። አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጣሊያን ጥይት የወደቁት አርበኞቹን ሽፍቶች ናቸው ብለው እንዲያወግዙ ተጠይቀው እምቢ ስላሉ ነው። ከእኛ የሚፈለገው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው፤ የአንድ ማሳ ወሰን በእውነት መናገር።

ከዚሁ ከሐይቃችንም ምሳሌ አለሽ። ንጉሥ ሱስንዮስ ሃይማኖቱን ለውጦ ሕዝቡን በግድ ላስከትል ባለ ጊዜ የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ባል የንጉሡ ሹም ነበር። እርሷ ግን ቤቷንና ክብሯን ትታ መነኮሰች፤ በሸንጎ ቆማ አልተረታችም፤ ወደ ዣበይም ተጋዘች። ሰይፍ አላነሣችም፤ አፏንም አልዘጋችም። የተሰደዱትን ሰብስባ በጣና ዙሪያ ማኅበር አቋቋመች። በ1624 ዓ.ም. ሱስንዮስ የቀደመውን ሃይማኖት መልሶ ዙፋኑን ለፋሲለደስ ሲለቅ በሕይወት ነበረች፤ ያረፈችው ኅዳር 17 ቀን 1635 ዓ.ም. ሲሆን ዐፅሟ በጣና ሬማ ደሴት ነው። እኔን የሚገርመኝ የተገፉትን በማኖር እንዲህ ተጠምዳ መክረሟ ነው፤ ገፊዎቹን ለማሳደድ ጊዜም አልነበራት። አንቺም በቀበሌሽ እንዳንቺ የተነጠቁ፣ ማመልከቻ የሚጽፍላቸው ያጡ ሴቶች አታጪም።

አሁን ወደ ስለቱ። እመቤታችንን ቤት አፍራሽ አድርገሽ ልትቀጥሪያት ነው? በየካቲት 16 የምናከብረው ቃል ኪዳን ሰባ ስምንት ነፍስ የበላውን በላዔ ሰብእን እንኳ በአንድ ጥርኝ ውኃ ያስማረ ነው። ለእርሱ የለመነች እናት በአጎትሽ ልጅ ላይ ጣሪያ እንድታወርድ በመጋረጃ አትደለልም። ማልቀስ ይፈቀድልሻል፤ ዳዊትም «አቤቱ፥ ፍረድልኝ» ብሎ ጮኋል። ፍርድን መለመንና ጥፋትን በዋጋ መግዛት ግን ይለያያሉ። ስለቱን ለንስሐ አባትሽ ተናዘዢ፤ የሚሰጡሽን ቀኖና ፈጽሚ። መጋረጃውን ከገዛሽው ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ አስገቢው።

ቁርባንን በተመለከተ፣ ክስ ስላለሽ አትከለከዪም። የሚከለክልሽ ቂም ነው። ይቅር ማለት ማለት መሬቱን መርቆ መስጠት አይመስልሽ፤ ዘኬዎስ እንኳ ይቅር በተባለበት ቀን የወሰደውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። የአጎትሽ ልጅም ንስሐ እገባለሁ ቢል ቡናውን ይዞ አይፈታም። ልብሽን ለመመርመር አንድ ጥያቄ ልስጥሽ፤ ነገ በእርሱ ቤት ልቅሶ ቢሆን ትደርሻለሽ? ለመድረስ የሚፈቅድ ልብ ካለሽ፣ እያነባሽም ቢሆን፣ ከተናዘዝሽ በኋላ ቅረቢ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ የምትዪ ከሆነ ግን ትንሽ ቆዪ፤ ጸሎቱን ግን አታቋርጪ፤ የተያዘብሽን አንቀጽ እየተንተባተብሽም በዪው።

ወንድምሽን በተመለከተ የምለው አጭር ነው። የተነጠቀ ማሳ በይግባኝ ይመለሳል፤ የፈሰሰ ደም አይመለስም። ጎጃም ውስጥ በወሰን የተጀመረ ጠብ ገና ያልተወለዱ ልጆችን ደም መላሽ ሲያደርግ አይተናል። መሣሪያ በየቤቱ በገባበት በዚህ ዘመን ፉከራ የዋዛ ነገር አይደለም። ወንድምነቱን ማሳየት ከፈለገ ሥራ አለለት፤ አብሮሽ ዘጌ ይሻገር፣ አባታችሁ የገበሩበትን ደረሰኝ ይፈልግ፣ ወሰንተኞቹን እየዞረ እውነቱን የሚመሰክሩትን ይለይ። የይግባኝ ጊዜ ገደብ አለውና ይህን ከዚህ ሳምንት አታሳልፉት።