ዋግ የመታው የመኖ ሳር ምን ያህል ይመግባል? ከሐዋሳ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ ቱላ አካባቢ ለወተት ላሞቼ አጃ ዘርቻለሁ። ቅጠሉ ላይ ብርቱካናማ ዱቄት ወጥቶ ሳጭደው ልብሴ ላይ ይቀራል። ላሞቼን ይመርዝብኝ ይሆን?

መልስ፦ የገለጹት የአጃ ቅጠል ዋግ የሚባለው የፈንገስ በሽታ ነው። ዱቄቱ ፈንገሱ የሚራባበት ብናኝ እንጂ እንደ መርዝ የሚታይ ነገር አይደለም። ጉዳቱ ሌላ ነው፤ ዋግ የሚኖረው በሕይወት ባለ ቅጠል ላይ ብቻ በመሆኑ፣ ተክሉ የሠራውን ስኳር ለራሱ እየሳበ ቅጠሉን ያለ ጊዜው ያደርቀዋል። በዚህም በቀላሉ የሚፈጨው ክፍል ሲቀንስ የቃጫው ድርሻ ይጨምራል፤ ላሞችም እየመረጡ መተዋቸው አይቀርም።

ጥያቄ፦ ናሙና አስመርምሬ ፕሮቲኑ ብዙም አልቀነሰም ተብያለሁ። ታዲያ ምን ያሳስባል?

መልስ፦ ብዙ አርቢ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ውጤቱ የሚነግርዎ ከደረቁ መኖ ውስጥ የፕሮቲኑን መቶኛ ብቻ ነው፤ ስኳሩ ሲጎድል የፕሮቲኑ መቶኛ ባለበት ሊቆይ፣ አንዳንዴም ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላል። ለምሳሌ ከአንድ መደብ 100 ኪሎ ደረቅ መኖ አግኝተው ፕሮቲኑ 10 በመቶ ከሆነ 10 ኪሎ ፕሮቲን አለዎት፤ በሽታው ምርቱን ወደ 70 ኪሎ ቢያወርደው፣ መቶኛው ሳይነካ እንኳ የሚቀርዎ 7 ኪሎ ነው። ስለዚህ የመፈጨት አቅሙንና ጠቅላላ ምርቱን አብረው ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ መድኃኒት ልርጭ?

መልስ፦ በእኔ አስተያየት ቀድሞ ማጨድ ይሻላል፤ የተረጨ መኖ ደግሞ በመለያው ላይ የተጻፈው የጥበቃ ጊዜ ሳያልፍ ለከብት አይሰጥም።

ጥያቄ፦ ዝሆኔ ሳሬ ቢጫ ሆኖ ቀጭጯል፤ ይህም ዋግ ነው?

መልስ፦ ቅጠሉ ላይ ዱቄትም ነጠብጣብም ከሌለ፣ በነፍሳት የሚተላለፍ፣ ፋይቶፕላዝማ የሚባል ረቂቅ ተሕዋስ የሚያመጣው የመቀጨጭ በሽታ ሊሆን ስለሚችል የፈንገስ መድኃኒት አይረዳዎትም። የታመመውን ጉቶ ነቅለው ያስወግዱ፤ ከእርሱም ቁርጥራጭ ወስደው አይትከሉ፣ ለጎረቤትም አይስጡ።

ጥያቄ፦ የታመመውን አጃ ሳይሌጅ (አየር በሌለበት ታሽጎ የሚብላላ እርጥብ መኖ) ላድርገው?

መልስ፦ ይቻላል፤ ነገር ግን ስኳሩ ስለጎደለ በደንብ ላይብላላ ይችላልና ሞላሰስ (የስኳር ፋብሪካ ጣፋጭ ተረፈ ምርት) ይጨምሩበት፣ አየር እንዳይገባውም አጥብቀው ይዝጉት። ዋጉ ቅጠሉ ሲሞት አብሮ ያበቃል፤ አየር ገብቶት የሻገተው ግን ሌላ ጉዳይ ነው፣ አንዳንዱ የሻጋታ መርዝ ወደ ወተቱ ስለሚያልፍ ለላም አይሰጥም።