የአያቴ ወረቀት፣ የድሮው ካርታና የስልኬ ነጥብ ለምን አልተስማሙም?

ጥያቄ፦ የምኖረው በጅማ ከተማ በቦዬ በኩል ነው። ከአያቴ የተረፈው ወረቀት መሬታችንን ሩብ ጋሻ ብሎ ወሰኑን በጅረትና በአዋሳኞች ስም ያመለክታል። በስልኬ ያነበብኩትን ኮኦርዲኔት (የቦታውን አቀማመጥ የሚያመለክቱ ቁጥሮች) በ1፡50,000 የድሮ ካርታ ላይ ባስቀምጠው ግን ግቢያችን ከጅረቱ ማዶ ሆኖ ተገኘ። የተዛወረው ጅረቱ ነው ወይስ ካርታው ተሳስቷል? ለወሰን ክርክርስ ላቀርበው እችላለሁ?

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ከሁለቱም በፊት የሚጠረጠረው የኮኦርዲኔቱ መነሻ፣ ማለትም ቁጥሮቹ ከየት ተነሥተው እንደሚለኩ የሚወስነው ሥርዓት ነው። የድሮዎቹ የ1፡50,000 ካርታዎቻችን የተሠሩት በኑቢያ ካለ ቦታ ስሙን ባገኘው አዲንዳን በተባለው የልኬት መነሻ ሲሆን፣ ስልክዎ የሚያነበው ደግሞ ደብሊው ጂ ኤስ 84 በሚባለው ነው። በጅማ አካባቢ የስልኩን የዩ ቲ ኤም ቁጥር (ቦታን በሜትር የሚገልጽ ኮኦርዲኔት) ሳይቀይሩ በድሮው ካርታ ላይ ካስቀመጡት፣ ነጥቡ 200 ሜትር ያህል ወደ ሰሜን፣ 90 ሜትር ያህል ደግሞ ወደ ምሥራቅ ይሸሻል፤ ይህም በካርታው ላይ 4 ሚሊ ሜትርና 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ጅረት ለማሻገር ይበቃል። በካርታው ላይ በግልጽ ከሚታይ ድልድይ ወይም መስቀለኛ መንገድ ቆመው ቢያነቡና መዛነፉ ያው ሆኖ ቢያገኙት፣ ምክንያቱ መነሻው መሆኑን ይረዳሉ፤ ቀያሽም ቁጥሩን ከአንዱ መነሻ ወደ ሌላው በቀላሉ ይቀይርልዎታል።

ከተስተካከለ በኋላ እንኳ ይህ ካርታ የአጥር ወሰን አይወስንም። 1 ሚሊ ሜትር 50 ሜትር ስለሆነ፣ የግማሽ ሚሊ ሜትር መስመር ብቻውን 25 ሜትር መሬት ይሸፍናል። ብዙዎቻችን «ካርታ አለኝ» ስንል የይዞታ ማረጋገጫ ማለታችን በመሆኑ ሁለቱ ይምታታሉ፤ ለክርክር የሚጠቅምዎ የይዞታ ማረጋገጫው፣ በከተማው ፕላን ላይ ከሰፈሩት የወሰን ነጥቦች ጋር ተያይዞ ነው። ነጥቦቹን ከከተማው መሬት አስተዳደር ሲጠይቁ በየትኛው መነሻ እንደተለኩም ያስጽፉ።

ስለ አያትዎ ወረቀት፣ ጋሻ በተለምዶ 40 ሄክታር ያህል ስለሚባል ሩቡ ወደ 10 ሄክታር ይጠጋል። የገጠር መሬት በየካቲት 1967 ዓ.ም. የሕዝብ፣ የከተማ ቦታ ደግሞ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የመንግሥት በአዋጅ ስለሆነ፣ ወረቀቱ የባለቤትነት መብት አይሰጥም። ሆኖም እኔ እንዲህ ያለውን ወረቀት በጣም አከብረዋለሁ፤ ከተማዋ ከጅሬን ኮረብታ በታች በሂርማታ ገበያ ዙሪያ ሰፍታ፣ በተለይም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በጣልያን ዘመን በአዲስ መልክ ስትሠራ፣ የብዙ ቦታ ስም ተለዋውጧል፤ የጅረቱንና የአዋሳኙን ስም የያዘው እንዲህ ያለ ወረቀት ነው። ስለዚህ አዋሳኞቹን የሚያውቁ አባቶችና እናቶች በሕይወት ሳሉ፣ ከቀያሽ ጋር በድንበሩ ዙሪያ አብረዋቸው ይዙሩ፣ የሚያመለክቷቸውንም ነጥቦች አንድ በአንድ ያስለኩ።