ቅጣቱን ሲጠብቁ ካሳዎ እንዳያመልጥዎ

ጥያቄ፦ በአንድ የውጭ መንገድ ተቋራጭ ክራሸር (የድንጋይ መፍጫ ማሽን) ላይ ስሠራ ቀበቶው ግራ እጄን ይዞ ሦስት ጣቶቼን ቆረጠ። የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ መጥቶ ማሽኑ ሽፋን እንደሌለው መዘገበ። ድርጅቱ አሳክሞኛል፣ ጥቂት ገንዘብም ሰጥቶኛል። በድርጅቱ ላይ የሚጣለውን ቅጣት እየጠበቅሁ ሳለ ፕሮጀክቱ አልቆ ዕቃ መጫን ጀመሩ። አገራቸው ድረስ ሄዶ ማስከፈል ይቻላል?

መልስ፦ እግዜር ይማርዎ። ቅጣቱ ግን የእርስዎ ገንዘብ አይደለም፤ ቢከፈልም የሚገባው መንግሥት ካዝና ነው። የአንዱን አገር ቅጣት የሌላው አገር ፍርድ ቤት የሚያስፈጽመው በመካከላቸው ስምምነት ሲኖር ነው። የአውሮፓ ኅብረት አባላት ወደ ሌላ አባል አገር ለሥራ የሚላኩ ሠራተኞችን በተመለከተ በ2014 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያለ መመሪያ አውጥተዋል፤ ለእርስዎ ጉዳይ ግን አይሠራም። የእርስዎ መብት ካሳው ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ለሥራ ላይ ጉዳት ይጠየቃል።

ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ዋናውን ነገር አልነገሩኝም፤ አደጋው የደረሰው መቼ ነው? የካሳ ጥያቄ በአንድ ዓመት ይርጋ (የክስ ማቅረቢያ የጊዜ ገደብ) ይታገዳል። ብዙ ሠራተኛ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ተቆጣጣሪው መጥቶ ሲመዘግብ፣ አለቃው «እንጨርስልሃለን» ሲል፣ ጉዳዩ የተያዘ ይመስለዋል። የተቆጣጣሪው መዝገብ መንግሥት ከድርጅቱ ጋር ያለው ጉዳይ እንጂ የእርስዎ ክስ አይደለም፤ በእሱ ተማምነው ቀን አያሳልፉ። ቀኑን ከአደጋው ዕለት ጀምረው ይቁጠሩ። የጉዳትዎን መጠን የሚወስነው የሕክምና ቦርድ ቀጠሮ ቢረዝምም ክሱን አያዘግዩ፤ ፍርድ ቤቱ ራሱ ወደ ቦርድ ሊልክዎ ይችላል። ለሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ የለም።

መዝገቡ ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። ድርጅቱ «ሽፋኑን ራሱ ነቅሎት ነው፣ የደህንነት መመሪያ ጥሷል» ብሎ እንደሚከራከር ይጠብቁ፤ ይህ ከተረጋገጠ ካሳው ሊቀር ይችላል። ሽፋን እንዳልነበረ የሚያሳየው የተቆጣጣሪው ሪፖርት ነውና ማኅተም ያለበት ቅጂ ዛሬውኑ ይጠይቁ።

«ጥቂት ገንዘብ» ያሉትንስ ሲቀበሉ ምን ላይ ፈረሙ? «ከእንግዲህ ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት ከሆነ አይደብቁኝ። ሠራተኛ በስምምነት ሥራ ሲለቅ በሕግ የተሰጠውን መብት ቢተው እንኳ አዋጁ ዋጋ አይሰጠውም። ነገር ግን ወረቀቱን ጠበቃዎ መጀመሪያ የሚያየው ከተከሳሹ መልስ ጋር ከሆነ ክርክሩ ይከብዳል።

ፍርድ ይዞ ባሕር ማዶ ከመሄድ እዚህ ያለውን ንብረት መያዝ ይቀላል። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 151 መሠረት ተከሳሹ የፍርዱን አፈጻጸም ለማሰናከል ንብረት እያሸሸ መሆኑን በቃለ መሐላ ካስረዱ፣ ፍርድ ቤቱ ከፍርድ በፊት ዋስትና ሊጠይቅ ወይም ንብረት ሊያስከብር ይችላል። ማሽኑ ላይ ብቻ አይንጠልጠሉ፤ ነገ ድንበር ላይ ነው። ያልተከፈለ የክፍያ ሰርተፍኬት (ለተሠራ ሥራ ክፍያ የጸደቀበት ሰነድ) እና እስከ መጨረሻው ርክክብ መንገዱን የሚያሠራው መሥሪያ ቤት ዘንድ የሚቆይ የተቋራጩ የመያዣ ገንዘብ መኖሩን ያጣሩ። ቢሮው ሳይዘጋ መጥሪያ ይድረሰው፤ በኋላ ፍርዱን ውጭ ማስፈጸም ግድ ቢሆን መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ «ተከሳሹ የመከላከል ዕድል አግኝቷል ወይ?» የሚል ነው።

ደመወዝዎን የከፈለው ተቋራጩ ራሱ ነው ወይስ ንዑስ ተቋራጭ? ጡረታስ ይቆረጥልዎ ነበር? የተከሳሽን ስም ተሳስቶ መክሰስ ያለችውን ቀን ይበላል፤ ጡረታው ደግሞ ካሳው በየትኛው ሕግ እንደሚሰላ ይወስናል። የደመወዝ ወረቀት፣ መታወቂያ፣ የሆስፒታል ማስረጃና የፈረሙትን ሁሉ ይዘው፣ ዕቃው ተጭኖ ሳያልቅ በዚህ ሳምንት ጠበቃ ዘንድ ይቅረቡ።